ከወሎ ተነሥቶ ፋርማሲስት ለመሆን፦ የፋርማሲ ትምህርት ቤት አመራረጥ፣ አገባብና አጨራረስ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ፣ በከሚሴ፣ በሐይቅና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እየተከታተሉ ፋርማሲ ለማጥናት ላሰቡ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን በዕውቀት ለማማከር ለሚፈልጉ ወላጆች የተጻፈ ነው። ብዙ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚመርጠው በከተማው ስም፣ በአየሩ ጠባይ ወይም ቀድሞት በገባ ያገሩ ልጅ ወሬ ነው። የፋርማሲ ትምህርት ቤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ መመዘን ያለበት ተማሪው በመጨረሻው ዓመት ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ በሚማርበት ሆስፒታል ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ መመሪያ ላይ በምርጫውና በሆስፒታሉ ዓመት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የምወስደውም ለዚህ ነው።

ደረጃ አንድ፦ ሙያውን ቀርቦ ማየት

መድኃኒት በመስኮት የሚያድል ሰው ሁሉ ፋርማሲስት አይደለም። በአገራችን አሠራር በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቀው ፋርማሲስት ሲሆን፣ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚሠለጥነው የፋርማሲ ቴክኒሻን ነው፤ በቀድሞው አጠራር ድራጊስት ይባል ነበር። የችርቻሮ ቤቶቹም በዚሁ ልክ የተለያዩ ናቸው። «ፋርማሲ» የሚል ፈቃድ ያለው ቤት በፋርማሲስት ኃላፊነት ይመራል፤ «መድኃኒት ቤት» የሚባለው በድራጊስት ደረጃ ባለ ባለሙያ ሊመራ ይችላል፤ የገጠር መድኃኒት ቤት ደግሞ ውስን የመድኃኒት ዓይነቶችን ብቻ ይይዛል። ወላጆች «ልጄ መድኃኒት ቤት ይክፈት» ብለው ሲመኙ ይህን ልዩነት ማወቃቸው የትኛውን ትምህርት እንደሚሹ ለመለየት ይረዳቸዋል።

ፋርማሲስቱ የሚሠራውም በችርቻሮ ቤት ብቻ አይደለም። በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ደሴ ቅርንጫፍ ባለው በኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ውስጥ ይሠራል፤ በምግብና መድኃኒት ቁጥጥር፣ በፋብሪካ፣ በምርምርና በማስተማር ሥራም ይሰማራል። ስለዚህ ከውሳኔ በፊት በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ፣ የፋርማሲውን ክፍል ኃላፊ በአክብሮት አስፈቅዶ፣ ሥራውን መመልከት ይገባል። ስትመለከቱ መደርደሪያውን ሳይሆን ባለሙያው ማዘዣ ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ የሚያደርገውን አስተውሉ። ጥሩ ፋርማሲስት የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ ለሕፃን ከሆነ ክብደቱን ያያል፤ እርግዝና ወይም ሌላ ሕመም መኖሩን፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን ይጠይቃል፤ የታዘዘው መጠን ካልተስማማው ወደ ሐኪሙ መልሶ ይነጋገራል። ይህ ሥራ ትዕግሥት፣ ጥንቃቄና ከሰው ጋር የመነጋገር ፍላጎት ይጠይቃል። ኬሚስትሪ ወድዶ ሰው ማነጋገር የሚጠላ ተማሪ በቤተ ሙከራ ወይም በፋብሪካ መልካም ቦታ ሊያገኝ ይችላል፤ ሆኖም የትምህርቱ ትልቅ ክፍል ከሕመምተኛ ጋር የሚያገናኝ መሆኑን ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ደረጃ ሁለት፦ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መዘጋጀት

ወደ ፋርማሲ የሚያስገባው መንገድ የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድን ይይዛል፤ ስድስቱ ተደምረው ከ600 ይታሰባሉ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት የሚጠየቀውም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በመጀመሪያው የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዙር ይህን መስፈርት ያለፉት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ነገር ግን ጥናትን ወደ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ማቆየት እንደማይቻል በግልጽ ያሳያል።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ለዚህ ሙያ ሁለት ነገሮች ይለያሉ። የመጀመሪያው በኬሚስትሪ ውስጥ ያለው የሞልና የመጠነ ክምችት ስሌት፣ በሒሳብ ውስጥ ደግሞ ሬሾና ፕሮፖርሽን ነው። ፋርማሲስት በየቀኑ የሚሠራው ስሌት ከዚህ የራቀ አይደለም። ለምሳሌ 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል ታዘዘለት እንበል። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ከሆነ ሕፃኑ የሚያስፈልገው 180 ሚሊ ግራም ነው። በእጃችን ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ እናቲቱ በመለኪያው 7.5 ሚሊ ሊትር እንድትሰጥ ይነገራታል። ስሌቱ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሚችለው ነው። ሰልፍ በበዛበት መስኮት፣ ሰዎች እየተናገሩ፣ በደቂቃ ውስጥ ሳይሳሳቱ መሥራት ግን ልምምድ ይፈልጋል፤ ያ ልምምድ የሚጀምረውም ካልኩሌተር ሳይነኩ የቤት ሥራን በመሥራት ነው።

ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። የዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት፣ የመድኃኒት መግለጫዎች፣ የሕክምና መመሪያዎችና የመውጫ ፈተናው በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በየቀኑ አንድ ገጽ ሳይንስ ነክ ጽሑፍ አንብቦ በራስ ቃል በአማርኛ ማስረዳት ጥሩ ልማድ ነው፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ አንብቦ ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ መንገር የፋርማሲስት ዕለታዊ ሥራ ነው።

ከ50 በመቶ በታች ያመጡና በየዓመቱ በሚወሰነው መቁረጫ የተመረጡ ተማሪዎች በማጠናከሪያ ወይም «ሪሚዲያል» በሚባለው ፕሮግራም ተምረው፣ ፈተናውን ካለፉ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። በዚህ በኩል መግባት ፋርማሲን አያስቀርም።

ደረጃ ሦስት፦ ትምህርት ቤቱን መምረጥ

በኢትዮጵያ ፋርማሲን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ነው። ለረጅም ዓመታት ብቸኛው ትምህርት ቤት እርሱ ነበር፤ በኋላ ጅማ፣ ከዚያም ጎንደር፣ መቀሌና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ። በወሎም፣ ከሁለተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ባለው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ውስጥ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል አለው። የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለሆነ ፋርማሲ የሚማር ሰው መኖሪያው ደሴ ነው።

እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከመላው አገሪቱ ተልከው የሚመጡ ውስብስብ ሕመሞችን ለማየት ያመቻል፤ ለፋብሪካዎችና ለፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም ቅርብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እዚያ ለመግባት የሚሻ ተማሪ ማመልከቻና ፈተናውን ከሌላው ምደባ ለይቶ መከታተል አለበት። ጅማ ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ተማሪዎች ከሌሎች የጤና ሙያ ተማሪዎች ጋር ተቀናጅተው በገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወራሽ ስለሆነ የጤና ባለሙያዎችን በቡድን የማሠልጠን የቆየ ባህል አለው።

ደሴን ለሚያስብ ሰው ዋናው ሀብት በከተማው ያለው ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከደቡብ ወሎ፣ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአጎራባች የአፋር ወረዳዎች የሚመጣ ሕመምተኛ በሙሉ እዚያ ስለሚገናኝ፣ ተማሪው ከደጋው የሳንባ ሕመም እስከ ቆላው ወባ ድረስ በአንድ ዋርድ (የሕመምተኞች መኝታ ክፍል) ውስጥ ሊያይ ይችላል። ለከተማው ቅርብ የሆነው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና የቆየ ስም ያለው ነው፤ ለወራት የሚዘልቅ መድኃኒት የሚወስድን ሕመምተኛ መከታተል ምን ማለት እንደሆነ ለመማር እንደዚህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ሆስፒታሉም ሆነ ሌሎች የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ጉዳትም ደርሶባቸዋል። ይህን የማነሣው ማንንም ለማስፈራት ሳይሆን፣ የቤተ ሙከራንና የመሣሪያን ሁኔታ በወሬ ሳይሆን በዓይን ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ለማሳሰብ ነው። በደሴና በአካባቢው ያለ ተማሪ ለዚህ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው፤ በእግሩ ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

ሩቅ ስላለ ትምህርት ቤት የምትጠይቁት ደግሞ እዚያ በመማር ላይ ያለ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ይሁን። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ካፌና ስለ ዶርም በደንብ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ስለ ፋርማሲ ግን ገና አያውቅም። የምትጠይቋቸው ጥያቄዎችም እነዚህ ይሁኑ፦ በመጨረሻው ዓመት በዋርድ ውስጥ ስንት ወር ትቆያላችሁ? በአንድ ቡድን ስንት ተማሪ አለ? ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ (በየሕመምተኛው አልጋ የሚደረግ ጉብኝት) ስትወጡ አብሯችሁ የሚቆም የክሊኒካል ፋርማሲ መምህር አለ ወይስ ተማሪው ለብቻው ይተዋል? በቤተ ሙከራ ውስጥ ክኒን፣ ቅባትና ሽሮፕ በእጃችሁ ሠርታችኋል ወይስ በሥዕል ነው ያያችሁት? ባለፈው ዓመት የመውጫ ፈተና ከእናንተ ዲፓርትመንት ምን ያህሉ አለፉ? በተለይ ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉ። መምህር የሌለው ራውንድ ተማሪውን ከግድግዳው ጋር አስደግፎ ያቆመዋል፤ መምህር ያለበት ራውንድ ግን ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ምክንያቱን ያስጠይቀዋል።

የግል ኮሌጅ የሚመርጡ ቤተሰቦች አንድ ሥራ ይጨምርባቸዋል። ኮሌጁ በአጠቃላይ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም፤ የፋርማሲው ፕሮግራም በዲግሪ ደረጃ፣ በዚያው በሚማሩበት ካምፓስ፣ ለተጠቀሰው ዓመት ፈቃድ ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከየትኛው ሆስፒታል ጋር የተግባር ሥልጠና ውል እንዳለውም በጽሑፍ ይጠየቅ። የራሱ ሆስፒታል የሌለው ኮሌጅ በውል ሊሠራ ይችላል፤ ውል የሌለው ግን ልጁን ወደየት እንደሚልከው ማወቅ የወላጅ መብት ነው። ክፍያ ከመፈጸም በፊት ይህ ሁሉ ይጠናቀቅ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ደግሞ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ የሚከፈል ነውና የውሉን ቅጂ በጥንቃቄ ያስቀምጥ።

ከቤት ርቆ መሄድን በተመለከተ የራሴን አስተያየት ልስጥ። ወላጅ ልጁን ደሴ ማስቀረት ሲፈልግ ተማሪው ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ መሄድ ይፈልጋል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ሆኖም በወሎ ለመሥራት ያሰበ ልጅ በወሎ ሆስፒታል መማሩ ሕመሙን፣ ቋንቋውንና የሕዝቡን ኑሮ ከወዲሁ ያስተዋውቀዋል፤ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ምርምር ወይም ወደ ቁጥጥር ሥራ ያዘነበለ ግን የአዲስ አበባው ቅርበት ይጠቅመዋል።

ደረጃ አራት፦ ምደባና የፍሬሽማን ዓመት

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምደባ በትምህርት ሚኒስቴር ይከናወናል። ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምርጫውን ሲሞላ ለስሙና ለመለያ ቁጥሩ ትክክለኛነት ይጠንቀቅ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረግ እርማት አድካሚ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ምርጫዎች ፋርማሲ ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ መሙላት እንደሚገባም ልብ በሉ። ፋርማሲ በሌለበት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ፋርማሲን እዚያ አያገኘውም።

ወደ ግቢ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የፍሬሽማን ተማሪ ነው። የጋራ ትምህርቶቹ እንደ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ፣ ጄኔራል ፊዚክስ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ጄኔራል ባዮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ያሉ ናቸው። ወደ ፋርማሲ መግባት የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው፤ የፍሬሽማኑ ውጤት ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ተደምሮ ዲፓርትመንት ያስመድባል፤ ስሌቱም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዘንድሮውን የምደባ መመሪያ አንብቡ። ሳይኮሎጂንና ጂኦግራፊን «ከሙያዬ ውጪ ናቸው» ብሎ መናቅ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን ዲፓርትመንታቸውን አሳጥቷቸዋል፤ ጂፒኤ ሁሉንም ትምህርት በክሬዲት ሰዓቱ ልክ ይቆጥራል።

ደረጃ አምስት፦ የሙያ ትምህርቶቹን ማጥናት

ፋርማሲ ከተመደባችሁ በኋላ መጀመሪያ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይቀርባሉ። ከዚያ የሙያው ዋና ዋና ዘርፎች ይከተላሉ፦ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን የሚያስተምረው ፋርማኮሎጂ፣ መድኃኒቱ ወደ ክኒን፣ ወደ ሽሮፕ ወይም ወደ መርፌ የሚለወጥበትን የሚያስተምረው ፋርማሱቲክስ፣ የመድኃኒቱን ኬሚካዊ አሠራር የሚመረምረው ሜዲሲናል ኬሚስትሪ፣ ጥራቱን የሚፈትሸው ፋርማሱቲካል አናሊሲስ፣ ከዕፅዋት የሚገኙ መድኃኒቶችን የሚያጠናው ፋርማኮግኖሲ፣ ለእያንዳንዱ በሽታ የሚመረጠውን ሕክምና የሚያስተምረው ፋርማኮቴራፒ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በፋርማኮሎጂ ነው። የመድኃኒት ስሞችን በዝርዝር ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ ዕውቀቱ ግን እስከ ሚቀጥለው ሴሚስተር አይቆይም። የሚሻለው መንገድ ከፊዚዮሎጂው መነሣት ነው። ለምሳሌ የደም ግፊትን ከመድኃኒቶቹ በፊት ልብ፣ ኩላሊትና የደም ሥር ግፊቱን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ከተረዳችሁ፣ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እያንዳንዳቸው የትኛውን ቦታ እንደሚነኩ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ ኢናላፕሪል ለምን ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥም ተከትሎ ይገባችኋል። ለእያንዳንዱ የመድኃኒት ቤተሰብ አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዙ፤ አሠራሩን፣ መጠኑን፣ ጎጂ ባሕርዩን፣ ከምን ጋር እንደማይስማማና ለሕመምተኛው የሚነገረውን በአማርኛ ጻፉበት። ይህ የመጨረሻው መስመር በመጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ በሆስፒታሉ ዓመት ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያገለግላችሁ እርሱ ይሆናል።

ፋርማኮግኖሲ ለወሎ ልጅ ቅርብ የሆነ ትምህርት ነው። ኮሶ ለትል፣ ጤና አዳም ለሆድ፣ ዳማ ከሴ ለምች መሰጠታቸውን ከአያቶቹ ሰምቶ ያደገ ተማሪ፣ በትምህርቱ ውስጥ ጥያቄው «ይሠራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ምንድን ነው? በምን ያህል መጠን ይጠቅማል? በምን ያህል ይጎዳል?» የሚል መሆኑን ይማራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱና ከዚያ ተነሥቶ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን ለመከላከል ያደረገው ምርምር፣ አገራዊ ዕውቀት በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል። ከዚህ ጎን ለጎን፣ መጠኑ ያልታወቀ የባህል መድኃኒት ከታዘዘ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሲወሰድ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ሕመምተኛን ሳያሳፍሩ መጠየቅን ከወዲሁ መለማመድ ይገባል።

ደረጃ ስድስት፦ በሆስፒታል የሚያልፈው ዓመት

ቀድሞ የኢትዮጵያ ፋርማሲ ትምህርት በመድኃኒቱ ላይ ያተኮረ ነበር። ሕመምተኛን ማዕከል ያደረገው ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ግን ተማሪው በመጨረሻው ዓመት ክለርክሺፕ በሚባለው ሥልጠና በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምናና በማሕፀንና ጽንስ ዋርዶች ውስጥ ይመደባል። በዚህ ጊዜ በየጠዋቱ ከራውንድ በፊት የተመደበላችሁን ሕመምተኛ ካርድ አንብቡ፤ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ በተለይ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታን ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ለምን እንደታዘዘ ለራሳችሁ መልሱ። ምክንያት ያጣችሁለትን መድኃኒት ወይም ምክንያት እያለው ያልታከመ ሕመም ካገኛችሁ ጻፉትና ለመምህሩ ወይም ለሐኪሙ በትሕትና አቅርቡ። «ዶክተር፣ ይህ መጠን ከኩላሊቷ ሁኔታ ጋር ቢታይ» ብሎ ማስረጃ ይዞ የሚናገር ተማሪ ይሰማል።

በወሎ የሚሠለጥን ተማሪ ግን ከካርዱ በላይ የሚማረው ከሕመምተኛው ጋር በሚነጋገርበት ጊዜ ነው። ዋርዱ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና አፋርኛ ይሰማል፤ ቢያንስ «በቀን ስንት ጊዜ»፣ «ከምግብ በፊት»፣ «ከምግብ በኋላ» እና «አቁም» የሚሉትን በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ ማወቅ ሕይወት ያድናል። ሕመምተኛው ሲሸኝም የተነገረውን መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ «እሺ ገብቶኛል» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የአክብሮት መልስ ነው። ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር ተናገሩ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የተባለውን «ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት» ማለት ይሻላል።

የጾም ጉዳይ በወሎ ልዩ ክብደት አለው። በአንድ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቆ ስለሚኖር፣ ፋርማሲስቱ የሁለቱንም ጾም ሥርዓት ማወቅ አለበት። በረመዳን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጧር ሰዓት ሊዛወር ይችላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን ግን በሁለት ጊዜ ጨርሶ መዋጥ ስለማይገባ ሐኪሙን አማክሮ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ወደሚወሰድ አማራጭ መለወጥ ያሻል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሳይመክር ከጾመ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ስለሚችል፣ ውይይቱ ረመዳን ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት መደረግ አለበት። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ደግሞ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። በዐቢይ ጾም ወተት ለማይጠጣ ሰው «በወተት ውሰድ» ከማለት ዘይት በገባበት ሽሮ ወይም ወጥ እንዲወስድ መንገር መድኃኒቱንም ሃይማኖቱንም ያከብራል። የኮአርተም ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው መጠን 8 ሰዓታት ቆይቶ፣ ከዚያም ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ መሆኑ፣ ትኩሳቱ ቢጠፋም ስድስቱም መጠን እንደሚያልቅ በግልጽ ይነገር።

ጫትና ቡናም አይዘለሉ። ጫት አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል፤ ስለዚህ ሳይፈርዱ «ይቅማሉ?» ብሎ መጠየቅና መድኃኒቱን ከቃሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዲወስዱ መምከር ይገባል። ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር የብረት ክኒኗን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር ብትወስድ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሪፋምፒሲን የጀመረ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሽንቱ እንደሚቀላ አስቀድሞ ካልተነገረው ደም መስሎት መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል። እነዚህ ምክሮች ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ፤ ሕክምናው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ግን ብዙ ጊዜ በእነርሱ ነው።

ደረጃ ሰባት፦ ክምችትና ሕግ

ብዙ ተማሪ የመድኃኒት አቅርቦት አስተዳደርን እንደ መጋዘን ሥራ አድርጎ ይንቀዋል፤ በወረዳ ጤና ጣቢያ ብቻውን ሲመደብ ግን መጀመሪያ የሚገጥመው እርሱ ነው። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 እንደሚመዘገብ፣ የእያንዳንዱን መድኃኒት ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚያሳየው ቢን ካርድ በየዕለቱ እንደሚሞላ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው መድኃኒት ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ክትባትና ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሚቀመጡ በአታችመንት (በተግባር ልምምድ) ጊዜ በእጃችሁ ሥሩ። በሆስፒታሎች የተስፋፋውን፣ በደብረ ማርቆስ የተጀመረውን ኤፒቲኤስ የተባለ የመድኃኒት ገቢና ወጪ ኦዲት የሚደረግበትን አሠራርም ከሂሳብ ሠራተኛው ጎን ቆማችሁ ተማሩ። ከሕጎቹ መካከል የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በራሳችሁ መነበብ አለበት።

ደረጃ ስምንት፦ የመውጫ ፈተና፣ ምዘናና ምዝገባ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ፈተናው በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ያላለፈ እንደገና ሊፈተን ይችላል። ለዚህ ፈተና በመጨረሻው ወር የሚደረግ ንባብ አይበቃም፤ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ማስታወሻዎቻችሁን ከሆስፒታሉ ዓመት ጋር አጣምራችሁ በየሳምንቱ አንድ ዘርፍ ከልሱ፤ ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ በሕመምተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎችን ከጓደኞቻችሁ ጋር ሥሩ። በኮምፒዩተር መፈተንን ያልለመደ ተማሪ ደግሞ በሰዓት ተገድቦ በስክሪን ላይ መመለስን አስቀድሞ ይለማመድ።

ይህ የዲግሪው ፈተና ነው። በሙያው ለመሥራት ደግሞ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ማለፍና የሙያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ማለፍ ሌላውን አያስቀርም። ለፈቃድ ስትቀርቡ ስማችሁ በ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ በዲግሪውና በመታወቂያው ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ መኖሩን ከምረቃ በፊት አረጋግጡ፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «መሐመድ» የሚለው ስም ብቻ በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ ልዩነቱን ለማስተካከል የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነው። ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ይጠየቃል፤ የእያንዳንዱን ሥልጠና ምስክር ወረቀት ዋናውንና ቅጂውን ለየብቻ አስቀምጡ።